«አለርጂ» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ

በይፋት ቆላ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የሞት መዝገብ ላይ በራሴ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ። «የሞት ምክንያት፦ በፔኒሲሊን አለርጂ የመጣ ሾክ» ይላል። ከሕክምና ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት የጻፍኩት ስለሆነ ጽሕፈቱ ገና ይነበባል። ይህን ሒስ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ መስመር ነው። ዛሬ መለስ ብዬ ስመረምረው የጻፍኩት ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱም የሟችን መዝገብ ከማበላሸት አልፎ በሕይወት ያሉትን ጎድቷል።

ሟቿ የ16 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። የመጣችው ከማጀቴ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንድትወጋ ታዞላታል። ዕለቱ በዐቢይ ጾም ውስጥ የዋለ ዓርብ ነበር። እህል ውኃ ሳትቀምስ በማለዳ ተነሥታ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ ግማሹን በባጃጅ ተጉዛ፣ ካርድ አውጥታ ተራዋ እስኪደርስ ቀትር ሆነ። እናቷ ኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት አቅቷት ነበር፤ እግሯም አብጧል። በዚያ ቀን ግን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መርፌ ክፍል ገብታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች፤ ተወጋች፤ ነርሷ ጥጡን ገና ሳታነሣ «ዓይኔ ጨለመብኝ» ብላ ወደቀች።

ለድጋፍ ከሆስፒታል የሄድኩበት ቀን ስለነበረ ከጎን ካለው ክፍል ተጠርቼ ደረስኩ። የልብ ምቷ በጣም ዝግ ብሎ ይዳሰስ ነበር፤ ወዲያው ጠፋ። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ የለም፤ ከንፈሯ አላበጠም፤ ሳንባዋም አያፏጭም። ሃይድሮኮርቲዞን ሰጠናት። አድሬናሊኑ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ለምሳ ወጥቷል። አድሬናሊኑ ሲመጣ እኛ ደረቷን መጫን ከጀመርን ቆይተናል። ነርሷ በማስታወሻዋ ያየችውን በሐቅ አስፍራለች፤ «ምት ዝግ ያለ፣ ሽፍታ የለም» የሚለው ዛሬም እዚያው አለ። እኔ ያንን ማስታወሻ ሳላነብ ደመደምኩ። ከመርፌ በኋላ ለሞተ ሰው በእኛ ዘንድ የተዘጋጀ አንድ ስም ብቻ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚህ መጽሔት አንባቢ ሳይነገረው ሊገምተው ይችላል። ጤና ጣቢያው የቤንዛቲን መርፌ መስጠት አቆመ። የወጣ ትእዛዝ አልነበረም። ታካሚው ካርዱን ይዞ ሲቀርብ አንድ ቀን «መድኃኒቱ አልቋል»፣ ሌላ ቀን «ሐኪም የለም»፣ ሌላ ቀን «ወደ ሆስፒታል ሂድ» ይባላል። የነርሶቹን ፍርሃት መንቀፍ አልሻም። በእጃቸው ላይ ሰው ሞቷል፤ ወሬውም በገበያ ቀን ከእኛ ሪፖርት ቀድሞ ማጀቴ ገብቷል። መንቀፍ የምሻው እኛ ሐኪሞች ለዚያ ፍርሃት የሳይንስ ማኅተም ያተምንበትን አንድ ቃል ነው።

ቃሉ ይህን ያህል ከባድ ነው ወይ? ቁጥሮቹን እንይ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለሩማቲክ ትኩሳት መከላከያ የሚሰጠውን የቤንዛቲን መርፌ ደኅንነት በተመለከተ በ1991 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት 1,790 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ከተሰጡት 32,430 መርፌዎች መካከል 57 የአለርጂ ምልክቶችን፣ 4 አናፊላክሲሶችንና 1 ሞትን መዝግቧል። አናፊላክሲሱ በግምት በ8,000 መርፌ አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። በአንጻሩ በኡጋንዳ ገና ምልክት ያላሳየ የሩማቲክ የልብ ሕመም በኢኮ በተገኘባቸው ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ተሠርቶ በ2021 የታተመውን ጥናት እንመልከት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው፣ መርፌውን ከወሰዱት መካከል 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት መካከል ግን 8.2 በመቶ ነበሩ። አገራችን በተካፈለችበትና 3,343 ታካሚዎችን ባካተተው የብዙ አገሮች ጥናት ደግሞ ፔኒሲሊን በመውሰድ ላይ የነበሩት ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም። በሁለት ዓመት ክትትል 17 በመቶ ያህሉ ሞተዋል፤ የሟቾቹም መካከለኛ ዕድሜ 29 ዓመት አይሞላም። ይህ ሁሉ ሞት ከመርፌ ፍርሃት መጣ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድን የመርፌ ክፍል በስሕተት መዝጋት ከስንት መርፌ ጋር እንደሚመዘን ያሳያል።

የልጅቱን አሟሟት ወደ መመርመሩ ልመለስ። የማይትራል ቫልቭዋ ጠብቦ ነበር፤ ይህ በካርዷ ላይ ተጽፏል። የጠበበ ቫልቭ ባለበት ልብ ደም ከላይኛው ወደ ታችኛው የግራ ክፍል የሚያልፈው በቀጭን ቀዳዳ ነው። ለማለፍም ጊዜ ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲታመም ልቡ ፈጥኖና በርትቶ በመምታት የደሙን መጠን ያሳድጋል። የእርሷ ልብ ግን ከዚያች ቀዳዳ በላይ ማሳለፍ አይችልም። ቢፈጥን የመሙያው ጊዜ ያጥርና ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ቢዘገይና የደም ሥሮች ቢላሉ ደግሞ የደም ግፊቱ ወድቆ ራሱን የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ኮሮናሪ የደም ቧንቧዎች ይራባሉ። ሕመም፣ ፍርሃት፣ ባዶ ሆድ፣ የውኃ ጥምና መቆም ተደራርበው ሲመጡ በጤነኛ ልጅ ላይ የሚያስከትሉት ነገር ራስን መሳት ነው፤ ቬዞቬጋል የምንለው። ልጁ ይወድቃል፤ ጋደም ሲል ደሙ ወደ ልቡ ይመለሳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አፍሮ ይነሣል። ቫልቭዋ የጠበበና ልቧ የደከመ ልጅ ግን ከዚያ መውደቅ ላትነሣ ትችላለች።

ሁለቱ የሚለያዩበት ምልክት አለ፤ አስተማሪዎቻችንም አስተምረውን ነበር። በአናፊላክሲስ የልብ ምት ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል፤ ቆዳው ይቀላል ወይም ያብጣል፤ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሳንባ ያፏጫል። በቬዞቬጋል ምቱ ይዘገያል፤ ፊት ይገረጣል፤ ላብ ይወርዳል፤ የሚሆነውም መርፌው ገና ሳይነቀል ወይም በተነቀለ ቅጽበት ነው። ሽፍታ ሳይወጣ የሚመጣ አናፊላክሲስ መኖሩን አልክድም፤ ከአሥሩ በአንዱ ወይም በሁለቱ እንዲያ ይሆናል። ስለዚህ ሽፍታ አለመኖሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ዝግ ያለ ምት፣ የታወቀ ከባድ የቫልቭ ሕመምና ሽፍታ አለመኖር አንድ ላይ ሲገኙ ግን «አለርጂ» ብሎ ለመጻፍ እጅን የሚያዘገይ ሕሊና ያስፈልጋል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህንኑ ጉዳይ በጃንዋሪ 2022 ባወጣው ምክረ ሐሳብ በአደባባይ አንሥቶታል። ከቤንዛቲን መርፌ በኋላ ሞቱ ተብለው ከሚነገርላቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ ከባድ የሩማቲክ የልብ ሕመም የነበረባቸው መሆናቸውን፣ አሟሟታቸውም ከአናፊላክሲስ ይልቅ የልብና የደም ዝውውር ውድቀት እንደሚመስል ይገልጻል። በዚህም መሠረት የማይትራል ወይም የአዎርታ ቫልቭ በከባድ ሁኔታ የጠበበባቸው፣ የአዎርታ ቫልቭ በከባድ ሁኔታ የሚያፈስባቸው፣ የግራ ልባቸው የመግፋት አቅም ከ50 በመቶ በታች የሆነ፣ ወይም በትንሽ እንቅስቃሴና በዕረፍት ጊዜ የሚያልካቸው ታካሚዎች ከመርፌ ይልቅ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ቢታሰብላቸው ይሻላል ይላል። ለሌሎቹ መርፌው እንዲቀጥል፤ ሲወጉም ሕመሙ እንዲቀንስ፣ ቀድመው ውኃ እንዲጠጡና ጥቂት እንዲበሉ፣ ተኝተውም እንዲወጉ ይመክራል።

ሰነዱን ሳነብ ሁለት ስሜት ተሰምቶኛል። አንደኛው ምስጋና ነው፤ ለሠላሳ ዓመት «አለርጂ» በሚለው ቃል ሥር የተቀበረን ነገር አውጥቶታል። ማስረጃው በአብዛኛው ከተናጠል ሞት ዘገባዎችና ከባለሙያዎች ግምት የተገኘ መሆኑንም አይሸሽግም። ሁለተኛው ግን ቅሬታ ነው። ሰነዱ የተጻፈው ኢኮ ላለው አንባቢ ነው። የቫልቭን ስፋትና የልብን የመግፋት አቅም በቁጥር የሚያውቅ ማን ነው? ከማጀቴ የመጣ ታካሚ ይህን ቁጥር ለማግኘት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ አለበት። ኢኮው ቢገኝ እንኳ የዛሬ ሦስት ዓመት የተነሣ ነው። በአፍ የሚወሰደውም ፔኒሲሊን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለዓመታት፣ ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት። በማሽላ ጥበቃ ወቅት ማሳ ላይ የምታድር ልጅ ይህን እንደምትፈጽም የሚያምን ሐኪም ቆላ ያልሠራ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ምክሩ ተቆርጦ ሲደርስ «የልብ ታማሚ ፔኒሲሊን አይወጋም» ወደሚል አጭር ክልከላ መለወጡ ነው። ያ ከቀድሞው ፍርሃታችን በምን ይለያል?

ታዲያ ኢኮ የሌለው መርፌ ክፍል ምን ያድርግ? እኔ የምሟገተው፣ የሰነዱ ታላቅ ቁም ነገር ያለው በቁጥሮቹ ውስጥ ሳይሆን በመጨረሻው ትንሽ ምክር፣ «ተኝተው ይወጉ» በሚለው ውስጥ ነው። ታካሚዋን አልጋ ላይ አጋድሟት። ጠፍጣፋ ተኝታ ለጥቂት ደቂቃ ሳያልካት ከቆየች፣ እግሯ ካላበጠ፣ በቅርብ ራሷን ስታ ካላወቀች፣ መርፌው ይሰጣት። መተኛት ካልቻለች ግን ያ አልጋ ኢኮው ሊነግረን ከሚችለው ብዙውን ነግሮናል፤ በዚያን ቀን የሚያስፈልጋት መርፌ ሳይሆን የልብ ድካሟ ሕክምና፣ ሪፈርና እስከዚያው የሚዋጥ ፔኒሲሊን ነው። ያቺ የ16 ዓመት ልጅ አልጋ ላይ ጋደም በይ ብትባል ኖሮ መልሱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናገኘው ነበር።

ጾምን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ምክሩን የጻፉት ሰዎች ያላሰቡት ይመስለኛልና። በይፋት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ይኖራል። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ወራት ወደ ሕክምና ከሚመጣው ሰው እኩሌታው ባዶ ሆዱን ነው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውኃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው የደሙ መጠን ቀንሶ መምጣቱን ለመናገር መሣሪያ አያስፈልግም። መርፌው በየ4 ሳምንቱ ስለሆነ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ለክርስቲያኑ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ማስጠጋት፣ ለሙስሊሙ ረመዳን ከመግባቱ በፊት የመጨረሻውን ቀን ማቀድ ይቻላል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ቄሱንና ሼሁን ማነጋገር ግን የእኛ ሥራ ነው። እናቶች «ዶክተር፣ ለመድኃኒት ብላ ጾሟን ትፍታ እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ «እንደ ፈቀዳችሁ» ብሎ ማለፍ መልስ አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት አለርጂ ሳይሆን አለርጂ ስለተባለው ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ተቃራኒውም መኖሩ ነው፤ እውነተኛ አለርጂ ሆኖ በልብ ሕመም መልክ የሚመጣ። የግሪኩ ሐኪም ኒኮላስ ኩኒስ ከባልደረባው ከዛቭራስ ጋር በዚያው በ1991 የአለርጂ አንጃይና ብለው የገለጹት፣ ዛሬ በኩኒስ ስም የሚጠራው ሕመም ይህ ነው። ማስት ሴሎች በቆዳና በሳንባ ብቻ ሳይሆን በልብ ውስጥ፣ በኮሮናሪ ቧንቧዎች ዙሪያም ይገኛሉ። አለርጂው ሲነሣ ሂስታሚንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች እዚያው ይፈስሳሉ። ንጹሕ የነበረ ቧንቧ ይኮማተራል፤ ቀድሞ የተጎዳ ቧንቧ ውስጥ ያለው ስብ ተሰንጥቆ ደም ይረጋበታል፤ ስቴንት የገባለትም ስቴንቱ ሊደፈን ይችላል። የዳይክሎፌናክ ወይም የሴፍትሪያክሶን መርፌ ወስዶ ሰውነቱን እያከከ «ደረቴን ጨመቀኝ» የሚልን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ይሳሳቱበታል። አንዴ ማሳከኩን ብቻ አይተው ፕሮሜታዚን ሰጥተው ይሸኙታል፤ አንዴ ደረቱን ብቻ አይተው የጨጓራ ነው ይሉታል። ኢ.ሲ.ጂ. ባለበት ማንሣት፣ በሌለበት አስተኝቶ መከታተልና ማስተላለፍ ይገባል። ሞርፊን ራሱ ሂስታሚን እንደሚያስፈስስ፣ የቤታ መከላከያ መድኃኒቶችም የአድሬናሊንን ሥራ እንደሚያከሽፉ መዘንጋት አይገባም። አድሬናሊን በተጨናነቀ ኮሮናሪ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው። ሆኖም የደም ግፊቱ ለወደቀ ወይም ጉሮሮው ለሚዘጋ ሰው አድሬናሊን ከመስጠት የሚያዘገይ ምክንያት አይሆንም።

አድሬናሊንን ካነሣን የምንነቀፍበት ብዙ ነው። በየደረስኩበት መርፌ ክፍል ቀድሞ የሚነሣው ሃይድሮኮርቲዞን ነው። ሃይድሮኮርቲዞን ሥራውን የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የብሪታንያ የትንሣኤ ሕክምና ምክር ቤት በ2021 ባወጣው መመሪያ ከመጀመሪያው ሕክምና አውጥቶታል፤ ፀረ ሂስታሚኑንም እንዲሁ። በዚያው አገር በ2000 የታተመ የሞት ዘገባዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በመድኃኒት አናፊላክሲስ ልብ እስኪቆም የሚፈጀው መካከለኛ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ቁልፍ የያዘ ሰው ከምሳ እስኪመለስ የሚጠብቅ ጊዜ አይደለም። አድሬናሊኑ፣ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ በጭኑ የውጭ ጎን፣ በጡንቻ፣ ከመርፌው ጋር በአንድ ትሪ ላይ መገኘት አለበት። ከቆዳ ሥር አይደለም፤ በደም ሥር በአንድ ጊዜ መግፋትም የራሱን የልብ አደጋ ይጠራል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ይደገማል። የወደቀውን ሰው «አየር ይንካው» ብሎ አንሥቶ የማስቀመጥና የማቆም ልማዳችንም ይቅር። በ2003 የወጣ ዘገባ በሾክ ላይ ያሉ ሰዎች ቀና በተደረጉ ቅጽበት እንደሞቱ አሳይቷል፤ ባዶ ልብ የሚገፋው ደም የለውምና። የቆላ ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ የእባብ መርዝ ማርከሻ ሴረም ሲሰጡ አድሬናሊኑን አጠገባቸው አድርገው ነው። ያው ጥንቃቄ ለፔኒሲሊን ያልተደረገበት ምክንያት አይገባኝም።

በክንድ ቆዳ ላይ ቤንዛቲንን አቅጥኖ የመሞከሩ ልማድ ደግሞ ለባለሙያው ማጽናኛ እንጂ ለታካሚው ጋሻ አይደለም። የታመነው የቆዳ ምርመራ ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ ንጥረ ነገሮችን ይፈልጋል፤ እነርሱም በእጃችን የሉም። የልጅቱም የቆዳ ሙከራ በዚያ ጠዋት «ኔጋቲቭ» ተብሎ ተመዝግቧል።

የመጨረሻው ነቀፌታዬ በሪፖርት ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ክትትል ፕሮግራም ሙሉ አባል ሆናለች፤ የመድኃኒት ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽም ለጤና ተቋማት ተሰራጭቷል። ያን ጊዜ ቅጹን አልሞላሁም። ብሞላው ኖሮ የልብ ምቷን፣ ሽፍታውን፣ ሰዓቱን ይጠይቀኝ ነበር፤ ቅጹም ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ ይገኝ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት በ2015 የሩማቲክ የልብ ሕመምን ለማጥፋት ባጸደቀው መግለጫ ጥራት ያለው ቤንዛቲን በቋሚነት እንዲገኝ ጠይቋል። ነገር ግን መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ «የለም» በሚባልበት ቦታ መግለጫው ምን ይሠራል?

ባለፈው ዓመት እናትየውን እንደገና አገኘኋቸው። የ9 ዓመት ወንድ ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ትኩሳት፣ ያበጠ ቶንሲል፣ መግል ያለበት ጉሮሮ፣ ሳል የለውም። ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን ክልክል» ተብሎ ተጽፏል። ፔኒሲሊን ወስዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ በፍጹም» አሉ። «እኅቱን የገደላት ነው። ለዘራችን አይስማማም ተብለናል።»

ቀዩን ጽሑፍ ሰርዤ ፈረምኩበት። ልጁ ዳቦ በላ፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣ። አድሬናሊኑን ትሪው ላይ አስቀምጠን ልጁን አልጋ ላይ አስተኛነውና ተወጋ። ግማሽ ሰዓት አብሬው ተቀመጥኩ። እናቱ ክፍሉ ውስጥ እንዲገቡ ብንለምናቸውም እምቢ ብለው እስኪያበቃ በር ላይ ቆሙ።